እግሬ ደንዝዟል፤ ብንቀሳቀስ ይብስብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ስሆን የስኳር ሕመም ካለብኝ ቆይቷል። ሁለቱም እግሮቼ ከመደንዘዛቸው የተነሣ ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንቅስቃሴ አዘውልኝ ነበር፤ እኔ ግን የቀረውን ነርቭ ይጨርሰዋል ብዬ ስለፈራሁ ስምንት ወር ሙሉ አርፌ የቫይታሚን ቢ መርፌና እንክብል እየገዛሁ ስወስድ ቆየሁ። እንቅስቃሴውን ልጀምር?

መልስ፦ አዎን፣ ይጀምሩ። አንድ ቀን ጨርሶ መራመድ ያቅተኝ ይሆን የሚል ስጋት እንዳደረብዎት ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ በስኳር ምክንያት ነርቫቸው የተጎዳ አብዛኞቹ ሰዎች መራመድ አያቆሙም። በልክ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነርቭን አይጎዳም፤ ጡንቻን የሚያሟሽሸው ዕረፍቱ ነው። ፊትዎን ሲታጠቡ ዓይንዎን በጨፈኑበት ቅጽበት የሚንገዳገዱ ከሆነ፣ እግርዎ ስለ ወለሉ ለአንጎልዎ የሚልከው መልእክት በመድከሙ ነው። ልምምዱ የጠፋውን ስሜት ላይመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚትና ዳሌን አጠንክሮ ሚዛንዎን ያሻሽላል። ጠንካራ ጠረጴዛ ይዘው በእግር ጣቶችዎ ቀስ ብለው መነሣትና መውረድ፣ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሣት፣ ግድግዳ ዳር ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መራመድ፤ ይህን በሳምንት ሦስት ቀን፣ መጀመሪያ ላይ ባለሙያው ባሉበት ያድርጉት።

ስለ መርፌው ግን በለዘብታ ልናገር አልችልም። ቫይታሚን ቢ12 የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው ነው፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ይህ እጥረት ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ እጥረቱ መኖሩ የሚለየው ግን በደም ምርመራ ነው። ቢ6 ደግሞ ሲበዛ ራሱ ነርቭን ይጎዳል! ስምንት ወር ያለ ምርመራ መውሰድዎ፣ ልምምዱንም ማዘግየትዎ ተገቢ አልነበረም። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የማያምም ቁስልን ነው። የደነዘዘ እግር ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረው አይሰማውም፤ ስለዚህ ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፣ በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ፣ እግርዎንም በሙቅ ውኃ አይዘፍዝፉ። በየምሽቱ የውስጥ እግርዎንና በጣቶችዎ መካከል ያለውን ቆዳ በመስተዋት ወይም በቤተሰብ እርዳታ ይመልከቱ። ቁስል ካዩ፣ እስኪድን ድረስ ቆሞ የሚሠራውን ልምምድ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ፣ ቢቀላና ቢያብጥ ደግሞ አጥንቱ እየተሰበረ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ባያምም እንኳ አይርገጡበት፤ ለነገ ሳይሉ በዚያው ዕለት ይታከሙ።