ለቡ ሜክሲኮ በየቀኑ፣ እሁድ ቢሾፍቱ፦ የትኛው ሳይክል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የእኔም ጥያቄ ነበር። ከለቡ ሜክሲኮ በየቀኑ ለሥራ፣ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ ቢሾፍቱ ድረስ ለመዝናናት፤ ማውንቴን ባይክ ልግዛ ወይስ ኮርሳ (ባለ ቀጭን ጎማውን የውድድር ሳይክል) ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም ገዝቼ፣ ሁለቱንም ሸጬ፣ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ።

የመጀመሪያዬ ከፊትም ከኋላም ባለሞላ ማውንቴን ባይክ ነበር። መርካቶ ሳየው ልቤ ወደደው። ግን ርካሽ ሞላ ጉልበት ይበላል። ዳገት ላይ ብድግ ብለህ ስትረግጥ ሳይክሉ ይጎነበሳል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ማታ ደክሞህ ያንን ተሸክሞ መውጣት ያስመርራል። ስድስት ወር ሳይሞላው ሸጥኩት።

ከዚያ ያገለገለ ኮርሳ ገዛሁ፤ ጎማው 23 ሚሊ ሜትር። አስፋልቱ ጥሩ ከሆነ ይበራል፣ አልዋሽህም። ከተማ ውስጥ ግን ዓይንህን ከመንገዱ አታነሳም። የውሃ መውረጃው ፍርግርግ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋ ከሆነ ቀጭን ጎማ ዘው ብሎ ይገባበታል።

ኮርሳውን ያስጠላኝ ግን ዱከም ነው። ከቢሾፍቱ ስመለስ ጎማው ተነፈሰ። መለወጫ ከመነዳሪ ይዣለሁ፣ ቀየርኩ። የእጅ መንፊያዬ ግን እዚያው ተሰበረ። እየገፋሁ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ልጁ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ጎትቶ መጣ፤ አልገጠመም። የኮርሳ ከመነዳሪ አፉ ቀጭን ነው፣ የእሱ ደግሞ ለመኪና የተሠራ ነው። ቁራጭ ላስቲክ ጠቀለለበት፣ በሁለት ጣቱ ጨምቆ ያዘው። ንፋሱ በጎን እያፏጨ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ብርም አልቀበልም አለኝ። በመጨረሻ አይሱዙ ለምኜ ሳይክሌን ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ጭኜ ገባሁ። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ከመነዳሪው የመኪና ዓይነት አፍ ይኑረው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሀገር ላይ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ይነፋልሃል።

ሌላው መመለሻው ነው። ቢሾፍቱ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ፣ መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ነው። ስትሄድ መንገዱ ራሱ ይወስድሃል። ስትመለስ ግን ፀሐይ ወጥቷል፣ እግርህ ዝሏል፣ መንገዱም ዳገት ነው። ኮርሳዬ ላይ የፊቱ ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 25 ነበር። አንዴ ስትረግጥ ጎማው አንድ ዙር ተኩል ይዞራል፤ ለዳገት ከባድ ነው። አሁን የያዝኩት ፊት 28፣ ኋላ 34 ነው። አንድ ዙር እንኳ ስለማይሞላ ቁጭ ብለህ፣ ሳትጣደፍ ትወጣለህ። ሳይክል ስትመርጥ ጥርሱን ቁጠር። ሻጩ «ባለ 21 ማርሽ ነው» ቢልህ ቁጥሩ ብቻ ምንም አይነግርህም።

እኔ ብሆን ሃይብሪድ፣ ማለትም የማውንቴን ባይክና የኮርሳ ድብልቅ ነው የምገዛው። መሪው ቀጥ ያለ፣ የፊት ሹካው ሞላ የሌለው፣ ጎማው ከ35 እስከ 40 ሚሊ። በዓመት ከ200 ቀን በላይ የምትነዳው ለሥራ ነው፤ ሳይክሉም ለዚያ ይሁን። ሃይብሪድ ቢሾፍቱ ያደርስሃል፤ ኮርሳ የምትቀድምህ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ፓራፋንጎና የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ መኖሩን ግን አይተህ ግዛ። ላፕቶፕ በጀርባህ ይዘህ ሜክሲኮ ስትደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። በክረምት ያለ ፓራፋንጎ ደግሞ ጭቃው እስከ ማጅራትህ ነው።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም አንብብ። 700 ሲ የሚሉትና 29 የሚሉት ቸርኬያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 622 ይላሉ፤ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 26 ኢንቹ 559 ነው። ለ26 መለዋወጫ በየቦታው ታገኛለህ፤ ለ622 ግን ሁለት ከመነዳሪ ቤትህ አስቀምጥ። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ቢሆን እመርጣለሁ። ቸርኬ የሚይዘው ፍሬን በጭቃ ወቅት ሸራው ቶሎ ያልቃል።

ለቢሾፍቱ ፈጣን መንገዱን እርሳው፣ ለሳይክል አይፈቀድም። የምትሄደው በአሮጌው መንገድ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ነው። ከባድ መኪና ስለሚበዛበት እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው። የኋላ ቀይ መብራቴን ቀንም አላጠፋውም።

ከመክፈልህ በፊት ኮርቻው ላይ ተቀመጥ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻውን ከፍ ዝቅ አድርገህም ካልመጣልህ ልክህ አይደለም፤ የቱንም ያህል ቢረክስ ተወው። ቁመትህንና ያሰብከውን ብር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ እወርዳለሁ፤ ከተመቸህ አብረን እናያለን።