ጭምብል ያጠለቀ ሰው በምን ይናገራል?

ጥያቄ፦ 30 የምንሆን ወጣቶች ለካርኒቫል ሰልፍ እየተዘጋጀን ነው። ሁላችንም ጭምብል እናጥልቅ ሲባል ገሚሶቻችን "ፊታችን ከተሸፈነ ከተመልካቹ ጋር በምን እንግባባለን?" ብለን ተቃወምን። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በጭምብሉ አትጣሉ። መጀመሪያ የምትወስኑት አፍ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ነው። የጣሊያኗ ከተማ የቬኒስ የጥንት ሰዎች ሁለቱንም ያውቁበት ነበር። "ባውታ" የሚሉት ነጭ ጭምብል ፊትን በሙሉ ይሸፍናል፤ ታችኛው ክፍሉ ግን ወደ ፊት ስለሚወጣ ለባሹ ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወራል። ድምፁም ስለሚለወጥ ማን እንደሆነ አይለይም። ባለ ማዕረጉም ተራውም ሰው እኩል "ሲዮራ ማስኬራ" ተብሎ ሰላምታ ይቀርብለት ነበር፤ "እመቤት ጭምብል" እንደማለት ነው። የሴቶቹ "ሞሬታ" ደግሞ ማሰሪያ የሌለው ጥቁር ቬልቬት ነው። ከውስጥ በኩል ያለችውን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ቁልፍ በጥርስ ነክሰው ይይዙታል፤ ለመናገር ማውለቅ ግድ ነው።

ከተመልካች ጋር ማውራት ካሰባችሁ ከአፍንጫ በላይ ብቻ የሚሸፍን ግማሽ ጭምብል ይበቃችኋል። ሙሉውን ከመረጣችሁ የፊት ሥራ ወደ አንገትና ወደ እጅ ይዛወራል። በዓይን ብቻ ወደ ጎን ብታዩ ከውጭ ማንም አያውቅላችሁም፤ ጭንቅላታችሁን ከነትከሻችሁ አዙሩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሡ።

በቃል የምትሉት ካለ የስዊዘርላንዷን ባዝል ዘዴ እንመክራለን። እዚያ ሰልፈኞቹ ፊታቸውን ጨርሰው ይሸፍናሉ፤ የመረጡትን ወቅታዊ ጉዳይ የሚተቹበትን ግጥም ግን ረጅምና ጠባብ ወረቀት ላይ አትመው ለቆመው ሰው ያድላሉ።

ከጭምብሉ ይልቅ ሰልፍ የሚያበላሸው ክፍተት ነው። ከፊት ያሉት ሲገሰግሱ ከኋላ ያሉት ተመልካች ሰላም ለማለት ይቆማሉ፤ መሐሉ ባዶ ሲሆን ተመልካቹ የሚያየው አንድ ታሪክ ለሁለት ይቆረጣል። በብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ "የሳምባ ትምህርት ቤቶች" (በሳምባ ዳንስ የካርኒቫል ሰልፍ የሚያቀርቡ ማኅበራት) ውድድር ዳኞች ለዚህ ነጥብ ይቀንሳሉ። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ደግሞ ጎኑን ስለማያይ ክፍተቱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ከ30ው ውስጥ ሦስት ሰው ያለ ጭምብል መድቡ፦ አንዱ ከፊት፣ አንዱ መሐል ከጎን፣ አንዱ ከኋላ። ተራማጁን የሚያቆመውም የሚያስኬደውም የእነሱ የእጅ ምልክት ብቻ ይሁን፤ በከበሮና በጩኸት መሐል ድምፅ አይሰማም።

ልምምዱንም ጭምብል አጥልቃችሁ አድርጉ። ያለ ጭምብል የተለማመደ ሰው በዕለቱ ላብ ዓይኑ ውስጥ ሲገባና ትንፋሹ ሲታፈን ምልክቱ ሁሉ ይጠፋበታል።