ረጃጅም ቃላትን ለሚሸመድዱ ወጣቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ስክራብል ለማሸነፍ የትኞቹን ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ልሸምድድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስክራብል ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ፣ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። ዕድሜዬን በአርታኢነት ያሳለፍኩ በመሆኔ መልሱ የሚያስቸግረኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ጥያቄው ግን ከብዙ ዓመታት በፊት በምሳ ሰዓት አብሬያቸው እጫወት የነበሩትን አንድ አንጋፋ ባልደረባዬን አስታወሰኝ። ከእሳቸው ሳልማር የቀረሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኚህ ሰው አንድ ቀን «ሲዚጂ» የሚል ቃል ደረደሩ። በቃሉ ውስጥ ዋይ የተባለው ፊደል 3 ጊዜ ይመጣል፤ ከጨዋታው 100 ጠጠሮች መካከል ግን ዋይ 2 ብቻ ስለሆነ የጎደለውን ማንኛውንም ፊደል ሊወክል በሚችል ባዶ ጠጠር ተክተውታል። እንዲህ ያለ ቃል የለም ብዬ ተከራከርኩ፤ መዝገበ ቃላት ተገለጠ፣ ቃሉ ተገኘ፣ በስህተት ስለተከራከርኩም ተራዬ አለፈኝ። እሳቸው ግን ነጥባቸውን እንኳ ሳይመዘግቡ፣ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሰለፉ የሚሰጠው ስም መሆኑን በ3 ጠጠሮች እየደረደሩ ያሳዩኝ ጀመር። መሠረቱ ቀንበር የሚል የግሪክኛ ቃል እንደሆነ፣ የወንድና የሴት ዘር ሲዋሐዱ የሚፈጠረው «ዛይጎት»ም ሆነ የጉንጭ አጥንት የሚጠራበት «ዛይጎማ» ከዚያው እንደሚወለዱ ሲያስረዱኝ፣ እኔ ተናድጄ ስለነበር ዓይኔን ከራሴ ጠጠሮች አላነሣሁም። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ ያን ሁሉ ቃል በዘር በዘሩ እንዴት እንደሚይዙት ሳልጠይቃቸው ተለያየን።

የቃል ርዝመት ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። ሰሌዳው ላይ ካሉት ፊደላት ጋር የምታጋጥሙት፣ በእጃችሁ የሚኖረው 7 ጠጠር፣ ሰሌዳው በአንድ መስመር የሚይዘው ደግሞ 15 ፊደል ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1935 ሆን ተብሎ ለርዝመቱ የተፈጠረው ባለ 45 ፊደሉ የሳንባ በሽታ ስም የትም አይገባላችሁም። ባለ 29 ፊደሉ «ፍሎክሲኖሲናይሂሊፒሊፊኬሽን»ም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙ አንድን ነገር ከቁም ነገር አለመቁጠር ሲሆን፣ እኔ ግን ጥቅም የለውም እያልኩም ቢሆን እወደዋለሁ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ማይክል ክሬስታ በአንድ ተራ 365 ነጥብ ያገኘበት «ክዊክሶትሪ» 8 ፊደል ብቻ ነው፤ የማይጨበጥ ሕልምን በጀግንነት ስሜት መከተል ማለት ነው።

የዛሬ ወጣቶች ፊደላቱን ስልካችሁ ላይ አስገብታችሁ ቃሉን በቅጽበት ታገኛላችሁ፤ በማግሥቱ ትርጉሙን ብትጠየቁ ግን ዝም ትላላችሁ። ምክሬ ቃልን ከነትርጉሙና ከነሥሩ እንድትይዙት ነው። ይህን ስል የኒውዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ማሸነፉን ታነሡብኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ምክሬንም በከፊል ያፈርሰዋል። እንደ እሱ ያለ የማስታወስ ችሎታ ያለው ሰው ግን እኔን ምክር አይጠይቀኝም።

ለጠያቂዬ የሰጠሁት የመጀመሪያ ቃል፣ ለርዝመቱ ሳይሆን ለሥሮቹ ስል፣ «ደርማቶግሊፊክስ» ነው። የሰሌዳውን አንድ መስመር ልክ የሚሞሉ 15 ፊደላት አሉት፣ አንዱም አይደገምም፤ የጣትና የመዳፍ መስመሮችን የሚያጠና ዘርፍ ስም ነው። ቆዳና መቅረጽ የሚሉትን ሁለት የግሪክኛ ሥሮች ለይቶ፣ ከእያንዳንዳቸው የተወለዱ ሌሎች ቃላትን ከነትርጉማቸው ጽፎ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ።