ጉማሬው ጉበት ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ ጉበቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ከሁለት ወር በፊት በቀዶ ሕክምና የጉበቱ ግማሽ ያህል ወጣ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስም ደሙ ውስጥ አለ ተብሏል። ሐኪሙ «የቀረው ያድጋል፣ አትጨነቁ» አለን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ማደጉ ነው። ካንሰር ማለት ያለ ልክ ማደግ አይደል እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማረውን ልጄን ብጠይቀው «እማ፣ እሱንማ ጉማሬ ነው የሚቆጣጠረው» አለኝ። እኛ ጉማሬ የምናውቀው አባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ነው። ልጁ እየቀለደብኝ ነው? እውነት ከሆነስ ይሄን ነገር የሚያጠነክር ምግብ ወይ ቅጠል ይኖር ይሆን?

መልስ፦

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ወንድምዎን እግዜር ይማርልዎ።

ልጅዎ አልቀለደም። ሴሎቻችን ውስጥ «ሂፖ» የሚባል የመልእክት ሰንሰለት አለ፤ ሂፖ በእንግሊዝኛ ጉማሬ ነው። ስሙ የመጣው ከዝንብ ነው። ማንጎ ወይ ሙዝ ሲበስል የምታንዣብበውን ትንሿን ዝንብ ያውቋታል፤ ሳይንቲስቶች የሰውነት ክፍል እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ብዙ ዓመት ያጠኑት እሷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተለያዩ ቡድኖች አንድ ጂን ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ይሄ ጂን ሲበላሽ የዝንቧ ጭንቅላት ከልክ በላይ ያድግና እንደ ጉማሬ ቆዳ ይጨማደዳል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፣ ጉማሬ የሚመጣው ጂኑ ሲበላሽ ነው። ጤነኛው ሂፖ ፍሬን ነው።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል? ሴል ውስጥ «ያፕ» የሚባል ፕሮቲን አለ። ያፕ ወደ ሴሉ እምብርት፣ ማለትም ጂኖቹ ወዳሉበት ኒውክለስ ከገባ «እደጉ፣ ተባዙ» የሚሉትን ጂኖች ያስነሳል። ሂፖ ደግሞ ላትስ የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ላትስ ያፕ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ያፕ ውጭ ይቀራል፣ ወይም ተሰባብሮ ይወገዳል። በቃ፣ እድገቱ ይቆማል። ሰንሰለቱ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን መነካካቱ ነው። ሴሎች ጎን ለጎን ሲጠጋጉ፣ የሚኒባስ ረዳት «ሞልቷል» ብሎ በሩን እንደሚዘጋው፣ ፍሬኑ ይያዛል። ቦታ ሲለቀቅ በሩ ይከፈታል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ጉበት እንምጣ። ተቆርጦ የወጣው ክፍል እንደገና አይበቅልም። የቀረው ነው እየሰፋ የጎደለውን የሚሞላው። ለዚያ ጊዜ ፍሬኑ ላላ ይላል፣ ጉበቱ የሚበቃውን ያህል ሲሆን ተመልሶ ይይዛል። ጥያቄዎ እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታ ነው የነካው፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ተመልሶ ባይይዝ ምን እንደሚመጣ በአይጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች አይጦች ጉበት ውስጥ ያፕ እንዲበዛ አደረጉ። ጉበቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ አደገ! ያፑን ሲያጠፉት ተመልሶ ወደ ቀድሞው መጠኑ ወረደ። ሳያጠፉ ሲያቆዩት ግን ካንሰር አወጣ። በሰውም ብዙ የጉበት ካንሰሮች ውስጥ ያፕ በዝቶ ይገኛል።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጉበት ማደጉ ካንሰር አይደለም፤ ልክ ያለው እድገት ነው። ይሄን ስል ግን «ካንሰሩ አይመለስም» እያልኩዎት አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ላታልልዎት አልፈልግም። ሊመለስ ይችላል። የቀረው ጉበትም ያው ቫይረሱ ለዓመታት ሲያቆስለው የኖረ ጉበት ነው፤ አዲስ ካንሰር ሊነሳበት ይችላል። እና ሁለት ነገር አይቋረጥ፦ ቫይረሱን የሚያፍነው መድኃኒት፣ ከታዘዘለት፣ ደህና ነኝ ብሎ እንዳይተወው። የምርመራ ቀጠሮውም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየጥቂት ወሩ ስለሚሆን፣ የመንገዱ ድካም ቢያሰለቸው እንኳ እርስዎ ይጎትቱት።

ስለ ቅጠሉ ቁርጡን ልንገርዎት፣ የለም። ሂፖን የሚያጠነክር ምግብም ሻይም የለም። ያፕ አብሮት የሚሠራውን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው፣ ለጉበት ካንሰር ግን እስካሁን ፋርማሲ የገባ የለም። ለወፍ በሽታ እየተባለ የሚጠጣውን ቅጠል ደግሞ እባክዎ አያስጠጉት። ያንን ሁሉ ማጣራት ያለበት ያ ግማሹ የወጣ ጉበት ነው፤ አንዳንዱ ቅጠል ጤነኛ ጉበት እንኳ ያቃጥላል። አልኮልም እንደዚያው፣ ጠላም ይሁን አረቄ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ወይም በልጅነት እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚተላለፈው። እርስዎ ደግሞ የእሱ እህት ነዎት፣ አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው፤ እርስዎም ወንድሞችዎም አላገኛችሁትም ማለት ነው። ባለቤቱና ልጆቹም አሉ። ምርመራው ትንሽ ደም ነው። ከቫይረሱ ነፃ የሆነው ይከተባል፣ የተገኘበት ደግሞ እንደ ወንድምዎ ሳይሆን ገና በጊዜ ክትትል ይጀምራል። በዚህ ሳምንት ይሂዱና ውጤቱን ይጻፉልኝ።