ማየት ለማትችለው ተማሪዬ ቪዲዮውን እንዴት ላስረዳት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ አለች፣ በጣም ጎበዝ ናት። የልብ አሠራር የሚያሳይ አኒሜሽን በፕሮጀክተር ስከፍት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ነች በሹክሹክታ የምትነግራት፣ እሱም ግማሹን ነው። ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን የሚባል ነገር እንዳለ ሰማሁ፣ እኔ ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይስ ባለሙያና ስቱዲዮ ይፈልጋል? (ከደሴ)

መልስ፦ ሰላም መምህር፣ በደንብ ይችላሉ፣ ስልክዎ ይበቃል። ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን ማለት በዓይን ብቻ የሚታየውን ነገር በድምፅ መናገር ነው። ፊልም ላይ ሲሆን ተዋንያኑ ዝም ባሉበት ክፍተት ይገባል፣ የትምህርት ቪዲዮ ላይ ግን ተራኪው ፋታ ስለማይሰጥ ፖዝ እያደረጉ መናገር ነው ያለብዎት፣ የሚያዩት ልጆችም ቢሆኑ ሳያስተውሉ ያለፉትን ነገር ያገኙበታል እንጂ አይጎዱም።

እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ (በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት) ሲገባ ሁለተኛ ደረጃ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ "ይሄን ተመልከቱ፣ ከዚህ ወደዚህ ይሄዳል" እያለ ይነጉዳል፣ ቆም በልልን አይባል ነገር ሳተላይት ነው፣ እኔ ምኑ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባኝ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ "ይሄ" እና "እዚህ ጋ" ያሉትን ሁሉ በስማቸው ይጥሩልን።

የልቡን ቪዲዮ እንየው። ከመክፈትዎ በፊት እንዲህ ቢሉ፦ "ልብ ከፊት ለፊት ተስሏል፣ አራት ክፍል አለው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። የሰውዬው ግራ ሥዕሉ ላይ በቀኝ በኩል ነው። ቀስቶቹ ደሙ የሚሄድበትን ያሳያሉ፣ ከራይት ቬንትሪክል (ከታችኛው ቀኝ ክፍል) ተነስቶ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ተመልሶ ሌፍት ኤትሪየም (የላይኛው ግራ ክፍል)። የሌፍት ቬንትሪክል ግድግዳ ከራይቱ ይወፍራል።" በቃ፣ ይሄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባክግራውንዱ፣ ሎጎው፣ የተራኪው ነጭ ጋዋን ምናምን አያስፈልግም፣ የዕለቱ ትምህርት የሚፈልገውን ብቻ ነው የምንፈልገው።

ቀለምን ግን ለዓይነ ስውር ምን ያደርጋል ብለው አይዝለሉት። ኦክስጅን ያነሰው ደም በሰማያዊ የበዛው በቀይ እንደተቀባ ይንገሯት፣ ጓደኞቿ "ሰማያዊው" እያሉ ነው የሚያወሩት። ሰማያዊው የሥዕሉ ምልክት እንደሆነና እውነተኛ የሰው ደም ሰማያዊ ሆኖ እንደማያውቅ ግን አብረው ይጨምሩላት፣ ይሄን የሚሳሳቱ የሚያዩ ልጆችም ሞልተዋል።

ፈተና ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥያቄው "በቀስት የተመለከተውን ክፍል ስም ጻፍ" ከሆነና እርስዎ ስሙን ጠርተው ሥዕሉን ካብራሩ መልሱን ሰጧት ማለት ነው፣ ቦታውንና ቅርፁን ብቻ ይንገሯት፣ ፈተና ላይ የሚያነብላት ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀድመው ጽፈው ይስጡት።

ማብራሪያውን ከክፍሉ በፊት ስልክዎ ላይ ቀድተው በቴሌግራም ቢልኩላት እንደፈለገች ደጋግማ ትሰማዋለች፣ አጠገቧ ያለችውም ልጅ ትገላገላለች፣ እሷ እኮ ስታንሾካሹክ የራሷ ትምህርት እያመለጣት ነው። ድምፅ ብቻውን ቅርፅን አይተካም፣ ካርቶን ላይ የልቡን መስመር በሲባጎና በኮላ ለጥፈው በጣቷ እየተከተለች ብትሰማዎት በጣም ይሻላል።

ት/ቤቱ ለዚህ ጊዜ የለንም ካለዎት ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 እንዳጸደቀች ይንገሯቸው፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ ለተማሪው የሚያስፈልገው ማመቻቸት መደረግ እንዳለበት በግልፅ ይላል።

ከክፍሉ በኋላ ደሙ የሚዞርበትን መንገድ እሷ ራሷ መልሳ ትንገርዎት። የተደናገረችበት ቦታ ላይ ማብራሪያው ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል እሱን አስተካክለው እንደገና ይቅዱት።