መልስ፦ የጥቅምት 29 ቀጠሮ በኤፒአይ ሲላክ ለምን ውድቅ ይሆናል?

በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ) ወደ ጉዳይ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ከላኳቸው ቀጠሮዎች የጥቅምት 28ቱ ገብቶ የጥቅምት 29ኙ ለምን ውድቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ችግሩ ያለው በመዳረሻ ቁልፍዎ (ኤፒአይውን ለመጠቀም በሚያስችልዎ የይለፍ ኮድ) ላይ ሳይሆን በቀኑ ላይ ነው። «2017-02-29» ብለው የላኩትን የጥቅምት 29 ቀን 2017 ቀጠሮ የጉዳይ ማስተዳደሪያው ሶፍትዌር የሚያነበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በዚያ አቆጣጠር የ2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀናት ብቻ ስለነበሩት 400 የሚለውን፣ የተላከው ጥያቄ ስህተት እንዳለበት የሚገልጽ ኮድ ይመልስልዎታል። «ያለ ችግር ገባ» ያሉት የጥቅምት 28ቱ ቀጠሮ ግን ይበልጥ ያሳስባል፤ የተመዘገበው በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017፣ ማለትም ባለፈ ቀን ነውና ለደንበኛው ማስታወሻ ሊደርሰው አይችልም።

1. የሐዋሳው ቢሮዎ ሠራተኞች እንደለመዱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዝግቡ፤ ቀኑ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚለወጠው መረጃው በኤፒአይ ከመላኩ በፊት፣ በኮድዎ ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን።

2. ጥቅምት 29 ቀን 2017 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለው፣ 2024-11-08፣ 09:00፣ የሰዓት ቀጣናው +03:00 ሆኖ ይላካል።

3. ቀድመው በስህተት የገቡትን በመለያ ቁጥራቸው እየፈለጉ፣ ኤፒአይው የሚፈቅድ ከሆነ በፓች (የተመዘገበን መረጃ በሚያሻሽል ትእዛዝ) ያስተካክሏቸው። በፖስት (አዲስ መረጃ በሚመዘግብ ትእዛዝ) ደግመው ከላኩ አንድ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

ከልምድ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የሁለቱን አቆጣጠሮች ልዩነት በቋሚ የቀናት ቁጥር አያስሉ። መስከረም 1 ቀን 2017 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ቢሆንም፣ የ2016ቱ ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። በዚህ መንገድ የተሠሩ ፕሮግራሞች ለዓመታት በትክክል ሠርተው ጳጉሜን 6 ከዋለች በኋላ ባሉት ወራት ቀጠሮን በአንድ ቀን ሲያዛንፉ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የተፈተነ የቀን መለወጫ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ይጠቀሙ።