ኦ-ክፍል ትንሿ አንደኛ ክፍል አይደለችም

ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ተንታ፣ ወደ መቅደላ፣ ወደ ቃሉ ለምትመደቡ የኦ-ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ዓመት፣ መምህራን ነው የምጽፈው። በዚሁ ጉዳይ የመመረቂያ ጥናት ለጀመራችሁም ጭምር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መምህራን በማሠልጠንና ክፍል ገብቶ በማየት ነው። ልጆቼ፣ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ። ልጁ ምን እንደሚያውቅ በዓይናችሁ ሳታዩ ማስተማርም ማጥናትም አትጀምሩ።

ለምን እንደምል ላሳያችሁ። በኩታበር በኩል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እስከ መቶ ቆጠረችልኝ። አንድ አልሳተችም። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከዚያ ጥቂት ባቄላ ምንጣፉ ላይ ዘርግፌ «እስኪ የኔ ዓለም፣ አምስት ስጪኝ» አልኳት። እፍኝ ሙሉ ዘግና ሰጠችኝ። «ቁጠሪያቸው» ስላት አፏ ከእጇ ቀደመ፤ አንዷን ፍሬ ሁለቴ ቆጠረች፣ ሌላዋን ዘለለች። ስትጨርስ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብላት እንደገና ከአንድ ጀመረች። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑ ገና አልገባትም ማለት ነው። እስከ መቶ የሸመደደችው እንደ ዘፈን ነበር።

ይህችው ልጅ ግን ማታ ፍየሎቹ ሲገቡ «ቦቃዋ የለችም» ብላ የምትጮህ ልጅ ናት። በመልካቸው ታውቃቸዋለች። እንግዲህ መነሻው እሱ ነው። ለእያንዳንዷ ፍየል አንድ ጠጠር ታስቀምጥ። አንዱን ጠጠር ነክታ፣ ወደ ጎን አድርጋ፣ አንድ ቁጥር ትበል። አንድ ጠጠር፣ አንድ ቁጥር። ከዚያ በእጃችሁ ሸፍኑትና «ስንት ናቸው?» በሏት። ይኼ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከተሠራ፣ አንደኛ ክፍል ስትገባ መደመር እንግዳ አይሆንባትም። በ2014ቱ ጦርነት ወንበርና ሰሌዳው የተዘረፈ ትምህርት ቤት የሚደርሳችሁ አላችሁ፤ ያሳዝናል፣ ማሟላትም የመንግሥት ግዴታ ነው። ይህን ለመሥራት ግን ወንበሩ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም፤ አብሽሩ።

ፊደሉም እንደዚያው ነው። ሰላሳ ሦስቱን በሰባት ስታባዙት 231 ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ከግድግዳ ላይ በዱላ እየተጠቆመለት ይጮኸዋል፣ ዱላው ከተራው ወጣ ሲል ግን ይጠፋዋል። መጀመሪያ ጆሮው ይልመድ። «በግ፣ በሬ፣ በርበሬ፣ ምን ያመሳስላቸዋል?» በሉት። ስሙን እየከፋፈለ ያጨብጭብ። ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ሳምንት አትደርድሩበት፤ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ሦስት መሆኑ ለትልቅም ያስቸግራል። ወላጅ «ልጄ ደብተር ላይ ምንም አልጻፈም» ብሎ ይመጣባችኋል፣ ርዕሰ መምህሩም ከጎኑ ይቆማል። አትፍሩ። አሁን በአዲስ ቢተካም፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ የአፀደ ሕፃናት ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ እድገት ነው ይል ነበር። አንብባችሁ አሳዩአቸው።

አሁን ወደ አጥኚዎቹ። መጠይቅ በትናችሁ፣ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» አስሞልታችሁ፣ በመቶኛ አስልታችሁ አትመለሱ። ሰው ስለ ራሱ ክፍል ሲጠየቅ ደግ ደጉን ነው የሚሞላው። ማስታወሻ ይዛችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡና ቁጠሩ፦ መምህሯ ለአንድ ልጅ ለብቻው ስንት ጥያቄ ጠየቀች? ጠይቃስ ስንት ሰከንድ ጠበቀች? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ለካች። መምህራን ባብዛኛው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በጀት አይፈልግም። ደግሞ በባቲና በከሚሴ በኩል ስትሠሩ ብዙ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ እንደሚያወራ አትርሱ። በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ያለውን «አያውቅም» ብላችሁ የምትመዘግቡ ከሆነ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው።

የቤቱ ጉዳይ ግን ከክፍሉም ይብሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው! እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው ኦ-ክፍል የሚመጡልን። ጃማይካ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ ጥናት ተሠራ። ለከፊሎቹ የሰፈር ጤና ረዳቶች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄዱ፣ ከቤት ቁርጥራጭ በተሠራ መጫወቻ እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳዩ። ከሃያ ዓመት በኋላ የእነዚያ ልጆች ገቢ እንዲህ ካልተደረገላቸው ቀንጫራ እኩዮቻቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ወሎ ትዝ ይለኛል። እኛ ዘንድ እናቶች ቡና ላይ ይሰበሰባሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ዱአውም አለ፣ ጊዜውም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እዚያው ናት። ልጁን «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው እያወራ ነው» ከማለት ይልቅ ስኒ ሲቀርብ አብሮ እንዲቆጥር መፍቀድ እንዴት ይከብዳል?

ፖሊሲው ይህን አልዘነጋውም። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የወላጆች ትምህርትና የጤና ክትትል ናቸው፣ ከእርግዝና ጀምሮ። ሜዳ ላይ በዋናነት የምናየው ግን ኦ-ክፍሉን ነው፣ እሱንም በየትምህርት ቤቱ በተረፈች ክፍል። ስለዚህ «ፖሊሲ የለንም» አትበሉ። አለ። የጎደለው በወረዳው እቅድ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተጻፈ መስመር ነው።

ጥናታችሁን ስትጨርሱ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፉ። አንዱን ኮፒ ክፍሏን ለከፈተችላችሁ መምህርት ስጡ፣ ሌላውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ብትወስዱት እቅዱ አልቋል። ሚያዝያ ላይ አድርሱት፣ ጤና ጣቢያውንም ይዛችሁ ሂዱ።